ናን በልቶ የተነፋ ሆድ፦ ጥፋቱ የግሉተን ነው?

ናን የሚባለውን የህንድ የስንዴ ቂጣ በልቶ ሆዱ የተነፋ ሰው ዛሬ ዛሬ ጣቱን የሚቀስረው ስንዴ ውስጥ ባለው ፕሮቲን፣ ግሉተን ላይ ነው። ሐኪም ጋ ሄዷል፤ ሴሊያክ የሚባለው የግሉተን በሽታ የለብህም ተብሏል። ግን ስንዴ ሲበላ ሆዱ ይወጠራል፣ ይቆርጠዋል፣ ይደክመዋል። ሲተው ይሻለዋል። ታዲያ ግሉተን ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ይላል። አይፈረድበትም። ግን ስንዴ ማለት ግሉተን ብቻ አይደለም፤ ናን ደግሞ ስንዴ ብቻ አይደለም።

ይህን ጥርጣሬ በሰዎች ላይ በጥንቃቄ ከፈተኑት አንዱ አውስትራሊያ፣ ሜልበርን የሚገኘው የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነው። ጉዳዩን በሙሉ ማየት የሚገባው ቡድኑ ሁለት ጊዜ ስለሞከረ ነው። በ2011 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ግሉተን ሴሊያክ የሌለበትንም ሰው እንደሚያሳምም የሚጠቁም ውጤት አወጣ። በ2013 ያው ቡድን ጠበቅ ባለ ሙከራ ተመለሰበት። የመጀመሪያው ውጤት አልጸናም። የራሱን ግኝት እንዲህ የሚፈትን ተመራማሪ ብዙ አይገኝም፤ ለዚህም ነው ጉዳዩ የሚስበኝ።

ሦስት የተለያዩ ነገሮች

ወደ ሙከራው ከመግባታችን በፊት አንድ መምታታት እናጥራ። ሴሊያክ የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን የሚያጠቃበት በሽታ ነው። ግሉተን ሲገባ የትንሹ አንጀት ግድግዳ ይጎዳል፤ ምግብ የሚመጥጡት ጣት መሰል ጥቃቅን ጉጦች ይጠፋሉ። ከመቶ ሰው አንዱ ገደማ አለበት ተብሎ ይገመታል። ብዙዎቹ እንዳለባቸው አያውቁም። የስንዴ አለርጂ ሌላ ነው። እሱ አብዛኛውን ጊዜ ከደቂቃዎች እስከ ጥቂት ሰዓት ባለው ጊዜ በሽፍታ፣ በእብጠት ወይም በትንፋሽ ማጠር ይመጣል፤ አደገኛም ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ሴሊያክ ያልሆነ የግሉተን አለመስማማት የሚባለው ነው። የኛ ጉዳይ ይሄ ነው። በደም ምርመራ አይታይም፤ ከአንጀት በሚወሰድ ናሙናም አይታይም። ሁለቱ ሲሰረዙ የሚቀር ስም ነው። ስሙ ውስጥ ደግሞ ፍርዱ አብሮ ገብቷል፦ ጥፋተኛው ግሉተን ነው ይላል። ማስረጃው ግን ከስሙ በኋላ ነው የተፈለገው።

2011፦ ዳቦና ማፊን

የመጀመሪያው ሙከራ ላይ 34 ሰዎች ነበሩ። ሁሉም አይቢኤስ የሚባለው የአንጀት ችግር ያለባቸው ናቸው፤ ማለትም ምርመራ ምንም ጉዳት ሳያሳይ ሆድ የሚነፋ፣ የሚቆርጥ፣ አንዴ የሚያደርቅ አንዴ የሚያስቀምጥ። ሴሊያክ እንደሌለባቸው ተረጋግጧል። ግሉተን ትተው ተሽሏቸው ነበር።

ለእያንዳንዳቸው በቀን ሁለት ቁራጭ ዳቦና አንድ ማፊን (ትንሽ ኬክ) ተሰጣቸው፤ እስከ ስድስት ሳምንት። ለ19ኙ የተሰጠው ግሉተን ነበረበት፤ ለ15ቱ የተሰጠው አልነበረበትም። ማን የትኛውን እንደሚበላ ተሳታፊውም አያውቅም፣ የሚከታተለው ተመራማሪም አያውቅም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግሉተን የሌለው ዳቦ ሲቆረስ ይፈረፈራል፤ ግሉተን ያለው ይለጠጣል። ሁለቱን አመሳስሎ መጋገር ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ውጤቱ ግሉተንን የሚከስስ ነበር። ግሉተን ከበሉት 19 ሰዎች 13ቱ፣ ማለትም 68 በመቶው፣ ሕመማችን አልተረጋጋም አሉ። ካልበሉት 15 ውስጥ እንዲህ ያሉት 6 ናቸው፤ 40 በመቶ። ሕመሙ፣ የሆድ መነፋቱና ድካሙ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ነው የተለያየው።

ብዙ ሰው የያዘው 68ን ነው። እኔ ግን ዓይኔ የሚቆመው 40 ላይ ነው። ግሉተን ያልቀመሱ ሰዎች፣ ከአስር አራቱ፣ ታመናል አሉ። ዋሽተው አይደለም፤ በእርግጥ ታመዋል። ግን በምን?

ሌላም የሚያሳስብ ነገር ነበር። ተመራማሪዎቹ በደምም በሰገራም ምልክት ፈለጉ። የአንጀት መቆጣት የለም። ሰውነት ግሉተንን እየተዋጋ መሆኑን የሚያሳይ አንቲቦዲ አልጨመረም። አንጀቱ ወትሮ የማያሳልፈውን ማሳለፍ አልጀመረም። ሕመሙ አለ፤ መንገዱ ግን አልተገኘም። በ2011 ጉዳዩ እዚህ ላይ ቆመ።

ከግሉተን ጋር አብሮ የሚሄደው

እዚህ ላይ ፍሩክታንን ማወቅ ያስፈልጋል። ፍሩክታን ከፍሩክቶስ የተያያዘ አጭር የስኳር ሰንሰለት ነው። የሰው አንጀት ይህን ሰንሰለት የሚበጥስ ኤንዛይም የለውም። ማንም ይሁን ማን፣ ጤነኛም ቢሆን፣ ፍሩክታን ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ ጋዝ ይወጣል። ሆዱ የማይቆጣ ሰው ልብ አይለውም። አይቢኤስ ያለበት ግን የአንጀቱ ነርቮች ትንሹን መወጠር እንደ ሕመም ያነቡታል።

ፍሩክታን በስንዴ፣ በገብስና በአጃ መሳዩ ራይ ውስጥ ይገኛል። ግሉተንም የሚገኘው እዚያው ነው። ስለዚህ ግሉተን ልተው ብሎ ስንዴ የተወ ሰው፣ ሳያውቀው ፍሩክታንንም ትቷል። ሲሻለው ምስጋናውን የሚወስደው ግሉተን መቅረቱ ነው። በሰው በተሞላ ቤት ዕቃ ሲጠፋ ስሙን የምናውቀውን ብቻ እንደመያዝ ነው።

የሞናሽ ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። ፍሩክታንን፣ ላክቶስ የሚባለውን የወተት ስኳር፣ በምስርና በሽምብራ ያሉትን ስኳሮችና ሌሎችንም በአንድ ስም፣ ፎድማፕ ብለው የሰበሰቡት እነሱ ናቸው፤ በ2005። በ2011ዱ ሙከራ የተጨመረው ግሉተን ከእነዚህ ስኳሮች የተጣራ ነበር። ተሳታፊዎቹ ከዳቦውና ከማፊኑ ውጭ የሚበሉት ግን በዚያ ልክ የተለካ አልነበረም። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፖም፣ ወተት፤ ሁሉም ሊኖር ይችላል። ሆዱ አስቀድሞ የተወጠረ ሰው ላይ ግሉተን ብትጨምርለት ምኑ ምን እንዳደረገ መለየት ይከብዳል።

2013፦ ማጥበቅ

በሁለተኛው ሙከራ 37 ሰዎች ተሳተፉ፤ እነሱም አይቢኤስ ያለባቸውና ግሉተን አይስማማንም የሚሉ። መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ፎድማፕ የቀነሰ ምግብ በሉ። በዚህ ብቻ የሁሉም ሕመም በግልጽ ቀነሰ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች ሲመጡ ግሉተን አይበሉም ነበር። ግሉተን ትተውም ገና የሚቀንስ ሕመም ነበረባቸው ማለት ነው።

ከዚያ እያንዳንዱ ሰው ሦስት ዓይነት ምግብ በየተራ ሞከረ፤ እያንዳንዱን ለአንድ ሳምንት፣ በመካከል ቢያንስ ሁለት ሳምንት እረፍት እየወሰደ። አንደኛው በቀን 16 ግራም ግሉተን ነበረው። ሁለተኛው 2 ግራም ግሉተንና 14 ግራም ከወተት የሚገኝ ዌይ ፕሮቲን። ሦስተኛው ግሉተን የለውም፤ 16 ግራም ዌይ ብቻ። የሚበሉት ሁሉ ከተመራማሪዎቹ ነው የሚመጣው። ያ ልል የነበረ በር ተዘጋ።

16 ግራም ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? በናን እንለካው። መቶ ግራም ነጭ የስንዴ ዱቄት አስር ግራም ገደማ ወይም ትንሽ የሚበልጥ ፕሮቲን አለው። ከዚያ ሰማንያ በመቶው ያህል ግሉተን ነው። መቶ ግራም ዱቄት የወሰደ ናን እንግዲህ ስምንት ግራም ያህል ግሉተን ይይዛል። ሙከራው በቀን ሁለት ደህና ናን የበላ ሰው የሚያገኘውን ያህል ሰጥቷል ማለት ነው። ትንሽ ስለሰጡ ነው የሚል ክርክር እዚህ ላይ አይሠራም።

ውጤቱስ? ሁሉም ታመሙ፤ በሦስቱም ምግብ። ግሉተን የበላበት ሳምንት ዌይ ብቻ ከበላበት ሳምንት አልባሰም። በተለይ በግሉተን ብቻ የታመሙት ከመቶ 8 ናቸው፤ ሦስት ሰው። ቡድኑ በዚህ አላቆመም። ከተሳታፊዎቹ 22ቱን መልሶ ጠርቶ ለሦስት ሦስት ቀን እንደገና ፈተናቸው። በግሉተን ብቻ የሚመጣው ሕመም አልተደገመም።

አንድ ሌላ ነገርም ታየ። ቅደም ተከተሉ ለውጥ አምጥቷል። መጀመሪያ የደረሳቸው ምግብ፣ የትኛውም ይሁን፣ ይበልጥ አሳመማቸው። አሁን ይጀምረኛል ብሎ የሚጠብቅ ሆድ፣ ይጀምረዋል። ይህ ኖሴቦ ይባላል፤ መድኃኒት ያልሆነ ነገር ሰጥተውት የሚሻለው ሰው ተቃራኒ። ሰዎች ይህን ሲሰሙ ይከፋቸዋል፤ በጭንቅላትህ ነው የተባሉ ይመስላቸዋል። አይደለም። አንጀትና አእምሮ በነርቭ የተሳሰሩ ናቸው። ፍርሃት የአንጀትን እንቅስቃሴ ይለውጣል፤ ቁርጠቱም የእውነት ቁርጠት ነው።

ሙከራው እንከን አልባ ነው አልልም። ዌይ ራሱ ሆድ ሊያውክ ይችላል፤ ማነጻጸሪያው ንጹሕ ካልሆነ ልዩነት ይደበዝዛል። አንድ ሳምንት አጭር ነው። ተሳታፊዎቹ ሁሉ አይቢኤስ ያለባቸው በመሆናቸው፣ ግሉተን ሲበላ ሆዱ ሳይሆን ራሱን የሚያመው ሰው ጉዳይ እዚህ አልተፈተነም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ፍሩክታንን ብቻውን አልሰጡም። ፎድማፕ ሲቀነስ ሁሉም መሻሉን አይተናል፤ ፍሩክታን ግን ፊት ለፊት አልተጠየቀም።

ኦስሎ፣ የጎደለውን ጥያቄ ጠየቀ

በ2018 የታተመ የኖርዌይ ሙከራ ይህን ቀዳዳ ደፈነ። ሴሊያክ የሌለባቸው፣ በራሳቸው ውሳኔ ግሉተን የተው 59 ሰዎች በየተራ ሦስት ዓይነት የእህል ባር በሉ፤ እያንዳንዱን ለሰባት ቀን። አንዱ 5.7 ግራም ግሉተን፣ አንዱ 2.1 ግራም ፍሩክታን፣ አንዱ ሁለቱም የሌለው።

ፍሩክታን የበሉበት ሳምንት ከግሉተኑ ሳምንት ይበልጥ አሳመማቸው፤ በተለይ የሆድ መነፋቱ። ግሉተኑ ደግሞ ምንም ከሌለው ባር አልተለየም። በጣም የታመሙበትን ሳምንት በየሰው ስናየው 24ቱ በፍሩክታን፣ 22ቱ በባዶው፣ 13ቱ በግሉተን ነው። ይታያችሁ፤ ከግሉተን ይልቅ ባዶው ባር ብዙ ሰው አሳመመ።

የባዶው ባር ነገር በ2023 መጨረሻ በወጣ ሌላ ሙከራ ይበልጥ ግልጽ ሆነ። እንግሊዝ ሊድስና ኔዘርላንድስ ማስትሪክት ላይ 83 ሰዎች በአራት ቡድን ተከፈሉ። ለአንዳንዱ ዳቦው ግሉተን አለው ተባለ፣ ለአንዳንዱ የለውም ተባለ፤ የተባለው እውነት የሆነላቸውም ያልሆነላቸውም ነበሩ። ይበልጥ የታመሙት ግሉተን አለው ተብለው፣ በእርግጥም ግሉተን ያለውን የበሉት ናቸው። ግሉተን በልተው ግን የለውም የተባሉት ከእነሱ እጅግ ያነሰ ነው የታመሙት።

እንግዲህ ናኑን እንፍታው

አሁን ወደ ሳህኑ። ናን ነጭ የስንዴ ዱቄት ነው፤ ስለዚህ ግሉተንም ፍሩክታንም አለው። ሲቀደድ የሚለጠጠው በግሉተኑ ነው። ሊጡ ውስጥ እርጎ ይገባል፤ እርጎ ከወተት ያነሰ ቢሆንም ላክቶስ አለው። በባህላዊው መንገድ ሊጡ በእርሾ ለሰዓታት ይቀመጣል። በችኮላ ሲሠራ ግን በቤኪንግ ፓውደር ወይም በሶዳ ይነፋና ወዲያው ይጋገራል። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። እርሾና የእርሾ ባክቴሪያዎች ጊዜ ሲያገኙ ከዱቄቱ ፍሩክታን የተወሰነውን ይበሉታል። ሶዳ አይበላም፤ ማንፋት ብቻ ነው ሥራው። ታንዱር በሚባለው የሸክላ ምድጃ ውስጥ የሚጋገረው ደግሞ ለደቂቃ ሁለት ደቂቃ ነው። የምድጃ ሙቀት ፍሩክታንን አያጠፋውም፤ ግሉተንንም አያጠፋውም።

ከዚያ ነጭ ሽንኩርቱ ይመጣል። ነጭ ሽንኩርት ከምግቦች ሁሉ ፍሩክታን ከሚበዛባቸው አንዱ ነው። በቅቤ ተለቅልቆ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት የተነሰነሰበትን ናን በልቶ፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ ግሉተን ነው የሚል ሰው ዋናውን ተጠርጣሪ ረስቶታል።

ደግሞ ናን ብቻውን ማን ይበላዋል? አጠገቡ ሽንኩርት በብዛት የተቁላላበት ወጥ አለ። ዳል የሚባለው የምስር ወጥ አለ፣ የሽምብራ ወጥ አለ፤ በምስርና በሽምብራ ያሉት ስኳሮች እንደ ፍሩክታን ሳይፈጩ ወርደው የሚብላሉ ናቸው። በርበሬው የሚቆጣ አንጀትን ለብቻው ያቃጥላል። ፎድማፕ ይደመራል። ናኑ ብቻውን ባላሳመመ፣ ዳሉ ብቻውን ባላሳመመ፤ በአንድ ማዕድ ሲገናኙ ሆድ ከሚችለው ያልፋሉ። ከእንዲህ ዓይነት ራት በኋላ ግሉተን አይስማማኝም ማለት ችኮላ ነው።

የሚለይበት መንገድ አለ። የመጀመሪያው እርምጃ ግን የሴሊያክ የደም ምርመራ ነው፤ እሱም ግሉተን እየበሉ እያሉ። ይህን ነጥብ ዘለው የሚሄዱ ብዙ ናቸው። ግሉተን ከተዉ ወራት ካለፉ አንቲቦዲው ይወርዳል፤ ምርመራው የለም ይላል፤ በሽታው ግን ሊኖር ይችላል። ያኔ ለማጣራት ለሳምንታት ግሉተን መልሶ መብላት ሊያስፈልግ ነው። ተሽሎት የነበረ ሰው ይህን እሺ ማለት ይከብደዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አይገልበጥ፤ ምርመራው ይቅደም፣ መተዉ ይከተል።

ሴሊያክ የለም ከተባለ በኋላ ምግቡ ራሱ ይመሰክራል። ረጅም ሰዓት በእርሾ የተቀመጠ የስንዴ ዳቦ ግሉተን አለው፤ ፍሩክታኑ ግን ቀንሷል። እሱ ከተስማማህ፣ በሶዳ የተነፋው ናን ካልተስማማህ፣ ግሉተን ሁለቱም ውስጥ አለ። ስፔልት ከሚባለው የስንዴ ዘር የተሠራ ዳቦ ይስማማኛል የሚሉም አሉ። ስፔልት ግሉተን ሞልቶታል፤ ስንዴ ነው። የሚያንሰው ፍሩክታኑ ነው። ከሁሉም ግልጹ ሰይታን የሚባለው፣ ከስንዴ ግሉተን የሚሠራ ምግብ ነው። የስንዴ ሊጥ በውኃ ደጋግሞ ሲታጠብ ስታርቹም ፍሩክታኑም ይሄዳሉ፤ የሚቀረው ግሉተን ብቻ ሊባል ይችላል። ሰይታን በልቶ ደህና ያደረ ሰው ግሉተንን የሚከስስበት ነገር አይኖረውም።

ከግሉተን ነጻ የተባለው ናንም ሁልጊዜ መልስ አይሆንም። አንዳንዱ በሽምብራ ዱቄት ነው የሚሠራው። አንዳንዱ ላይ ቃጫ እንዲኖረው ኢኑሊን ይጨመርበታል፤ ኢኑሊን ደግሞ ፍሩክታን ነው። ሰውየው ግሉተን ትቶም ሆዱ ሲነፋ፣ የሆነ ቦታ ግሉተን ሳይገባብኝ አይቀርም ይላል። በሌላ በኩል ሴሊያክ ላለበት ሰው የሚብሰው ምግቡ የተጋገረበት ቦታ ነው። ከግሉተን ነጻ ለመባል ዓለም አቀፉ መለኪያ በኪሎ 20 ሚሊግራም ነው። በሩዝ ዱቄት የተሠራ ናን የስንዴው ሊጥ በሚለጠፍበት ታንዱር ግድግዳ ላይ ከተጋገረ ያንን ሊያልፍ ይችላል። ለእሱ ሰይታንም ስፔልትም ሙከራ አይደሉም፤ ጉዳት ናቸው። ከላይ ያልነው ሁሉ ሴሊያክ የለብህም ለተባለ ሰው ብቻ ነው።

ፍሩክታን ሆኖ ከተገኘ ነገሩ ከግሉተን ይልቅ ቀላል ነው። ሴሊያክ ፍርፋሪም አይፈቅድም፤ ፍሩክታን ግን የመጠን ጉዳይ ነው። ግማሽ ናን የሚስማማው፣ ሙሉው የማይስማማው ሰው አለ። ነጭ ሽንኩርቱን ዘይት ውስጥ አሙቆ ፍሬውን አውጥቶ መጣል ይቻላል፤ ፍሩክታን ውኃ እንጂ ዘይት ውስጥ አይሟሟም፤ ጣዕሙ ይቀራል፣ ስኳሩ ከፍሬው ጋር ይሄዳል። ፎድማፕ መቀነሱም ለዕድሜ ልክ አይደለም። ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ከቆየ በኋላ ምግቦቹ አንድ በአንድ ይመለሳሉ፤ ቢቻል በሥነ ምግብ ባለሙያ እየታገዙ። ፍሩክታን ለአንጀት የሚጠቅሙ ባክቴሪያዎች ቀለብ ስለሆነ ለዘለዓለም ማስቀረት የራሱ ዕዳ አለው። ሲመለስም በመጀመሪያው ቀን ናኑ ባዶውን ይሁን፤ ያለ ነጭ ሽንኩርት፣ ያለ ዳል፣ ግማሹ ብቻ። ነጭ ሽንኩርቱ ሌላ ቀን ለብቻው ይሞከራል።